ያቺን ቁራጭ ወረቀት አትጣሏት

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ሻንጣ ነው። «አራት ዓመት ጋዜጠኝነት ተምራ ስለ ሻንጣ ልትጽፍልን ነው?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ። እኔም እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም. ድረስ ሻንጣ ማለት ልብስ የሚከተትበት ዕቃ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የቡታጅራ ልጅ ነኝ። እንጀራዬ ደግሞ ወልቂጤ ነው። በሁለቱ መካከል የጉራጌ ተራራ ተጋድሟል። አሁንማ ሁለቱ ከተሞች በየራሳቸው ዞን ሥር ሆነዋል፤ የእናቴ ቤትና የእኔ የኪራይ ክፍል ግን አንድ ሻንጣ ነው የሚያመላልሳቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የአገር ቤቱን ሻንጣ ላጫውታችሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ የሄደ ሰው ያውቀዋል። አየር ጤና ስትደርሱ ገና ከታክሲ ሳትወርዱ ሻንጣችሁን ሦስት ሰው ይይዝላችኋል። «ወልቂጤ! ወልቂጤ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» (ያ አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል አንድ ሰው እንደሆነ ይቆያል።) ሻንጣው ወደ ላይ ይወረወራል፣ ጣሪያው ላይ ያለው ይቀበላል፣ ሸራ ይለብሳል፣ በገመድ ይጠፈራል። ደረሰኝ የለ፣ ቁጥር የለ። ያለው የረዳቱ ዓይን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጅማ በሚሄድ አውቶብስ ተሳፍሬ ወልቂጤ ወረድኩ። ዝናብ ነበር። እኔ ጥላ ፍለጋ ስሯሯጥ ሻንጣዬ ከነሸራው ወደ ጅማ ቀጠለ። ልብ በሉ፣ በውስጡ የወሩ ልብሴና እናቴ የቋጠረችልኝ ቅቤ አለ! ለትኬት ቆራጩ ነገርኩት። እሱ ለሌላ ሰው ደወለ፣ ያ ሰው ለረዳቱ ደወለ፣ ረዳቱ ለእኔ ደወለ።

«ሻንጣሽ ምን ዓይነት ነው እህቴ?»

«ጥቁር።»

«ጥቁር ስንት አለ! ምልክት የለውም?»

«እጀታው ላይ ቀይ ክር አለ። እናቴ ናት ያሰረችው።»

«በቃ፣ ቀይ ክር።»

በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ በሚመለስ ሌላ መኪና መጣልኝ። ለሻይ 100 ብር ሰጠሁ። ቅቤው ትንሽ ቀልጦ ነበር እንጂ ሁሉም ነበረ። «እንዲህ ነው አገር!» ብዬ ለሳምንት ያህል ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አሰለቸሁት።

* * *

አሁን ወደ መስከረም 2017 እንምጣ።

አክስት አለችኝ። የእናቴ ታናሽ ናት፤ እኔን በጀርባዋ አዝላ ስላሳደገችኝ «እታለም» ነው የምላት። ዐረብ አገር ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ ለመስቀል ልትመጣ ሆነ። ለመስቀል አገር የማይገባ ጉራጌ የለምና፣ ቤቱ ከነሐሴ ጀምሮ ሲለቀለቅና ሲጸዳ ነበር። ልጇን ጥላት ስትሄድ ልጅቷ የአምስት ዓመት ነበረች። አሁን አሥራ አንድ ሆኗታል።

ልቀበላት ቦሌ ሄድኩ። መስከረም 8 ቀን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። የመጣችው በአንድ የውጭ አየር መንገድ፣ በመሃል ሌላ አገር ላይ አውሮፕላን ቀይራ ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ከበሩ የሚወጡትን ሴቶች ሻንጣ እያየሁ ቆምኩ። ያንን ሻንጣ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ከባለቤቱ ይበልጣል። በናይለን ገመድ ተጠፍሯል፤ በስኮች ተጠቅልሏል፤ ጎኑ ላይ በወፍራም ማርከር ስም፣ የአባት ስም፣ የከተማ ስምና ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። እጀታው ላይ የመጋረጃ ቁራጭ ወይም ሻሽ ታስሮበታል። የእናቴን ቀይ ክር አስታወሰኝ።

እታለም ወጣች። ከሁለቱ ሻንጣ አንዱን ብቻ ነው የምትገፋው። ተቃቀፍን፣ ተላቀስን። ከዚያ ጠየቅኳት።

«አንዱስ የት አለ?»

«ቆመ።»

«ምኑ?»

«የሚዞረው። ዞረ ዞረና ቆመ። የኔ አልመጣም።»

አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው «ታጉን አምጪ» አላት። ታግ ምን እንደሆነ አላወቀችም። በኋላ ስንነጋገር ነገሩ ተገለጠልኝ። ስትሳፈር ሻንጣዋን የተቀበለችው ሠራተኛ ሁለት ትንንሽ ወረቀቶች ፓስፖርቷ ጀርባ ላይ ለጥፋላታለች። እታለም ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ፓስፖርቷን አሠሪዋ እጅ ላይ ነው የምታየው። ገና እጇ መግባቱ ነው። «ሙጫው ፓስፖርቴን ያበላሽብኛል ብዬ በጥንቃቄ ላጥኩት» አለችኝ። ልጣ፣ ጠቅልላ፣ ትራንዚት ያደረገችበት ኤርፖርት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተችው። ንጹሕ ፓስፖርት ይዛ አገሯ ገባች።

ሰውየው «ነገ ተመለሺ» አላት። ምንም አልሞላችም፣ ምንም አልፈረመችም። እኔም የጋዜጠኝነት ምሩቋ፣ «ነገ ይመጣል እታለም፣ አይዞሽ» ብዬ ይዣት ወደ ቡታጅራ ሄድኩ። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሁለታችንም አላወቅንም፤ እኔ ግን ያወቅኩ መስዬ ነበር።

* * *

ያቺ የተጣለች ወረቀት ምን ነበረች? ወልቂጤ ተመልሼ ሌሊት ሌሊት በስልኬ ሳነብ ከረምኩ። የገባኝን ላካፍላችሁ።

ወረቀቷ ላይ ባለመስመሩ ባርኮድና አሥር አኃዝ ያለው ቁጥር አለ። የሻንጣው ታርጋ በሉት። ከመጀመሪያዋ አኃዝ ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ የአየር መንገዱ መለያ ናቸው። የእኛን ለምሳሌ ብናነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መለያ 071 ነው፤ ትኬታችሁ ቁጥርም በእሱ ይጀምራል። የመጨረሻዎቹ ስድስቱ የሻንጣው የራሱ ቁጥር ናቸው። ሻንጣው እጀታ ላይ የሚታሰረው ረጅሙ ወረቀትና እጃችሁ ላይ የሚቀረው ቁራጭ አንድ ቁጥር ነው ያላቸው። አንደኛው ከሻንጣው ጋር ይሄዳል፣ ሌላኛው ከእናንተ ጋር። የአየር ጤናው ረዳት በዓይኑ የሚያደርገውን እዚያ መስመሮቹን የሚያነብ ማሽን ያደርገዋል።

ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ የሚባለው) ያወጣው 753 የተባለ ውሳኔ አለ። ከሰኔ 1 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አባል አየር መንገዶች እያንዳንዱን ሻንጣ አራት ቦታ ላይ መመዝገብ አለባቸው ይላል። ከመንገደኛው ሲረከቡት፣ አውሮፕላን ላይ ሲጫን፣ ትራንዚት ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ፣ መጨረሻ ላይ ለባለቤቱ ሲመለስ። ስለዚህ አንድ ሻንጣ ሲጠፋ ቢያንስ መጨረሻ የታየበት ቦታ ይታወቃል ማለት ነው።

ቁጥሩ ለኪሳራ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ለነፍስም ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 1985 የኤር ኢንዲያ 182 በረራ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ፈንድቶ 329 ሰዎች ሞቱ። ቦምቡ የነበረው ባለቤቱ ሳይሳፈር የተጫነ ሻንጣ ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 21 ቀን 1988 ደግሞ ስኮትላንድ፣ ሎከርቢ ላይ የፓን አም 103 በረራ እንዲሁ በሻንጣ ቦምብ ወደቀ፤ መሬት ላይ ያሉትን ጨምሮ 270 ሰው አለቀ። በዚያም ሻንጣ ውስጥ ገብቶ የተላከ እንጂ አብሮት የተሳፈረ ባለቤት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሻንጣና መንገደኛን ማመሳከር የበረራ ደኅንነት ዋና ሥራ ሆነ። «መንገደኛ እገሌ ስላልተሳፈረ ሻንጣው እየወረደ ነው» ተብላችሁ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጣችሁ ካማረራችሁ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ታዲያ ይሠራል ወይ? ይሠራል። ሲታ የተባለው የአቪዬሽን ቴክኖሎጂ ድርጅት በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከየሺህ መንገደኛው ወደ 19 የሚጠጉ ሻንጣዎች ይዘገዩ፣ ይጎዱ ወይም ይጠፉ ነበር። በ2024 ወደ 6.3 ወርዷል። ትልቅ ለውጥ ነው። ቢሆንም 6.3 ከሺህ ማለት በዓመት ከ33 ሚሊዮን በላይ ሻንጣ ነው። ከሁሉም ትልቁ ድርሻ ደግሞ የሚበላሸው ትራንዚት ላይ ነው። የእታለምም እንደዚያው።

* * *

በሦስተኛው ቀን ነው የነቃሁት። እታለምን ከቡታጅራ አስመጥቼ ቦሌ አብረን ተመለስን። «ታጉ የለም» ስንል በቃ የምንባረር መስሎኝ ነበር። ለካ ቁጥሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ በስሟ ተመዝግቦ አለ! በፓስፖርቷና በትኬቷ ስም ፈልጋ አንዲት ሠራተኛ በሁለት ደቂቃ አገኘችው። (እግዜር ይስጣት። የመጀመሪያው ሰውዬ ለምን እንዳላደረገው እስከዛሬ አልገባኝም።) ከዚያ የጠፋ ሻንጣ ማመልከቻ ቅጽ አመጣች። ቅጹ አስተማሪዎቼን አስታወሰኝ፤ ማን? ምን? መቼ? ከየት? ወዴት?

ከዚያ አንድ በላስቲክ የተሸፈነ ሥዕል አወጣች። የሻንጣ ዓይነቶች በሥዕል፣ ከላይ ደግሞ ቀለማት ተደርድረው።

«የትኛውን ይመስላል እናቴ? ቀለሙስ?»

እታለም በጣቷ አሳየች። «ጥቁር።»

«ምልክት አለው?»

«አረንጓዴ የመጋረጃ ጨርቅ አስሬበታለሁ።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እንግዲህ ይሄ ሁሉ ማሽን፣ ይሄ ሁሉ ቁጥር፣ መጨረሻው ያ የጅማው ረዳት የጠየቀኝ ጥያቄ ነው! ግን ልዩነት አለው። ረዳቱ ሻንጣዬን ባያገኘው ኖሮ ማንን እጠይቅ ነበር? ማንንም። እዚህ ግን እታለም አምስት ፊደልና አምስት ቁጥር ያለው የመከታተያ መለያ የተጻፈበት ወረቀት ተሰጣት። ይሄኛውን አልጣለችውም። ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

ያ ወረቀት ከኋላው ሕግ አለው። የሞንትሪያል ስምምነት ይባላል፣ የ1999 (እ.ኤ.አ.)። ኢትዮጵያም ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አባል ናት። ሻንጣው ይደርሳል ከተባለበት ቀን በኋላ 21 ቀን ካለፈው እንደጠፋ ይቆጠራል፣ ካሳ መጠየቅ ይቻላል። የካሳው ጣሪያ የሚለካው ኤስዲአር በሚባል የዓለም ገንዘብ ድርጅት መለኪያ ነው፤ እታለም በመጣች ጊዜ 1,288 ነበር፣ ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 1,519 ሆኗል። በግምት ሁለት ሺህ የአሜሪካ ዶላር ነው። ጣሪያ ነው እንጂ ለሁሉም የሚታደል አይደለም፤ ምን እንደጠፋባችሁ ማስረዳት አለባችሁ። ተጎድቶ ወይም ጎድሎ ከደረሰ ደግሞ ቅሬታው በጽሑፍ በ7 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ይቺን 7 ቀን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

መስቀል አለፈ። ክትፎው ተበላ፣ ቆጮው ተቆረሰ፣ ደመራው ተለኮሰ። ጎረቤት «እንኳን ደኅና መጣሽ» ሊል በመጣ ቁጥር እታለም ትሽኮረመም ነበር። ስድስት ዓመት ዐረብ አገር ኖሮ ለአያቶቹ ብርድ ልብስ፣ ለጎረቤት ሻሽ ሳይሰጥ የሚቀመጥ ሰው አለ እንዴ? ሁሉም የነበረው በዚያኛው ሻንጣ ነው። «ሻንጣዬ ቀርቶ ነው» ስትል የሚያምናትም የማያምናትም ነበር። ሰው ባዶ እጁን ሲገባ እኛ አገር ብዙ ነገር ይታሰባል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው በወራት ውስጥ ሲመለስ፣ ብዙዎቹ በአንድ ፌስታል የገቡትን ቡታጅራ አልረሳችም። እታለም የፈራችው ያንን ዓይን ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ሻንጣው ተገኘ!

* * *

አረንጓዴው ጨርቅ እንደታሰረ ነው። ዚፑ ግን ተቀዷል፣ በስኮችም ተጣብቋል። ተረክበን ፈርመን ወጣን። ብርድ ልብሱ አለ፣ ሽቶው አለ፣ የሩዝ ማብሰያው አለ። ለልጇ በየዓመቱ የገዛችው ጫማ አለ። አምስት ጥንድ። ከአምስቱ የሚሆናት አንዱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹን ለጎረቤት ልጆች አከፋፈለች። ደስታችን ሞላ። እኔም በልቤ «ቴክኖሎጂ ይባረክ» ብዬ ወደ ወልቂጤ ተመለስኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቴ ደወለችልኝ። እታለም ሌሊት ስታለቅስ ሰምታት ስትጨቀጭቃት ነው የወጣው። ሩዝ ማብሰያው ውስጥ፣ በካልሲ ጠቅልላ፣ ሁለት የወርቅ አምባር አስቀምጣ ነበር። አንዱ ለአያቴ፣ አንዱ ለልጇ መዳሪያ። የሉም።

«ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ወርቅ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ ብዬ እንድትስቂብኝ?»

ሰባቱ ቀን አልፏል። ባያልፍም ማስረጃ የላትም፤ ደረሰኙም አብሮ ካልሲው ውስጥ ነበር። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ደግሞ በውላቸው ላይ ጌጣጌጥና ገንዘብ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ ይላሉ፣ ገብቶ ቢጠፋም ኃላፊነት አንወስድም ብለው ይጽፋሉ። እነማን ናቸው ያንን ደቃቃ ጽሑፍ የሚያነቡት? እኔ አንብቤው አላውቅም ነበር።

ልብ አድርጉልኝ፤ በኮምፒውተሩ ዘንድ የእታለም ሻንጣ ታሪክ በሰላም ተጠናቋል። ተረከብነው፣ ፈረምን፣ ፋይሉ ተዘጋ። ማሽኑ ሻንጣውን ነው የሚያውቀው። ሚዛኑም 23 ኪሎ ነው የሚያውቀው፤ የካልሲ ጥቅልሏን አያውቃትም። የስድስት ዓመት ሌሊት የተጠቀለለው ግን እሷ ውስጥ ነበር።

አዲስ አዲስ ነገር እየመጣ ነው አሉ። ባርኮዱ ሲጨማደድ ማንበብ አይቻልም፤ ስለዚህ በሬዲዮ ሞገድ ከሩቅ የሚነበብ ቺፕ ያለው ታግ አለ፤ ዴልታ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በሰፊው ጀምሮታል። አፕል በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ኤርታግ የምትባል ቁልፍ የምታክል መከታተያም አለች፤ ሻንጣ ውስጥ ትከቷታላችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ያለችበትን ታሳያችኋለች። በ29 ዶላር ነው ገበያ የወጣችው። ደስ ይላል። ግን አይፎን ትፈልጋለች። የእታለም ስልክ መስታወቱ የተሰነጠቀ ሳምሰንግ ነው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ለእታለም ያጣችው አይፎን አልነበረም። ሙጫ ያለባትን ቁራጭ ወረቀት እየጠቆመ በምታውቀው ቋንቋ «ይቺን አትጣዪ» የሚላት አንድ ሰው ነበር ያጣችው። ከቡታጅራ፣ ከወልቂጤ፣ ከየገጠሩ የሚሄዱት ልጆች እኮ ከመሄዳቸው በፊት ሥልጠና ይወስዳሉ፤ ምጣድና ማሽን ይማራሉ፣ ሰላምታ በዐረብኛ ይማራሉ። አሥር ደቂቃ ለዚህ ቢጨመር ምን ይላል? ወረቀቷን ያዢ። ሻንጣሽ ካልመጣ ቅጹን ሳትሞዪ ከአዳራሹ አትውጪ፤ «ነገ ተመለሺ» ቢሉሽም። ወርቅና ብር በእጅ ቦርሳሽ፣ ከአካልሽ ጋር። ሻንጣው ተቀዶ ከደረሰ ሳትፈርሚ እዚያው ክፈቺው፣ የጎደለውን እዚያው አጽፊ። ካልሆነም ሰባት ቀን አለሽ። አለቀ። ሌላ ቴክኖሎጂ አያስፈልገውም።

ባለፈው ቡታጅራ ሄጄ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ልትሄድ ሻንጣዋን እየሸከፈች፣ እታለም አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ጨርቅ ታስርላታለች። ቢጫ። «የኔ ልጅ፣ ሻንጣሽን ሲቀበሉሽ ፓስፖርትሽ ላይ ወረቀት ይለጥፉልሻል። እንዳትልጪው። ፎቶ አንሥተሽ ያኔውኑ በኢሞ ላኪልኝ» ትላታለች።

ስልኳን ተቀብዬ አየሁት። በተሰነጠቀው መስታወት ውስጥ፣ ከልጇ ፎቶዎች መሃል፣ የአራት ልጆች ባለመስመር ቁራጭ ወረቀቶች ተደርድረዋል። ሁሉም የደረሱ ናቸው። አምስተኛዋን እየጠበቀች ነው።

ቸር ይግጠመን።